የነጣው የጸሎት ጨርቅ

ፑንጾክ የሚባል አንድ የቲቤት አገረ ገዥ የላሳን ከተማ ሊጎበኝ ሄዶ፣ የእጅ ሥራ ከምትሸጥ ባልቴት ጸሎት የታተመበት ባለ ቀለም ጨርቅ ገዛ። በዚያ አገር እንዲህ ያለው ጨርቅ ከፍ ካለ ቦታ ይሰቀላል፤ ጸሎቱን ነፋስ ይወስደዋል፤ ቀለሙ ሲለቅ «ደረሰ» ይባላል። ገዥው ከሁሉ ረጅሙን መርጦ፣ ዕድሜ ልኩን ከሹመቱ እንዳይነሳ ጸልዮ ጣሪያው ላይ ሰቀለው።

በዓመቱ ከሹመቱ ተነስቶ ሩቅ ጠረፍ እንዲገዛ ተዛወረ። በላሳ ሲያልፍም የነጣውን ጨርቅ ባልቴቷ ፊት ወረወረው።

«አንቺ አጭበርባሪ! ይኸው ነጥቷል፤ ጸሎቴ የታለ? አሁኑኑ ካላስረዳሽኝ ይህን ሱቅሽን አስፈርሰዋለሁ!»

ባልቴቷ ጨርቁን አገላብጣ አየችው።

«ጌታዬ፣ ጸሎትዎማ ደርሷል።»

«ታዲያ ለምን ከሹመቴ ተነሳሁ?»

«እርስዎ ገዝተው በሄዱ በሳምንቱ የግዛትዎ ሰው በሙሉ ተሰልፎ ከእኔው ገዛ። የእነሱም ደርሷል። ዛሬ ጠዋት ደግሞ የጠረፉ ሰዎች መጥተው የቀረኝን ጠቅልለው ወሰዱት።»