ባልዲ ውስጥ የቆየው ዮዮ

አንድ ሰው ነበረ። ታናሽ ወንድሙን ያሳደገ፣ ሐይቅ ዳር ባለች ከተማ የሚኖር፣ ሲቆጣ የሚያስፈራ ሰው ነበረ።

አትቁነጥነጪ፤ ጥያቄሽን ሰምቼዋለሁ። በእህትሽ የመልስ ቀን፣ በአማቶቿ ፊት የማይባል ነገር ተናግረሻል። እሷ ይቅር ብላሻለች፤ አንቺ ግን ከዚያ ወዲህ ደጇን አልረገጥሽም። አሁን የልጇ ክርስትና ለእሑድ ደርሷል፤ ነይልኝ ብላ ልካብሻለች። አንቺ ደግሞ እኔ ዘንድ መጥተሽ፣ «ጋሼ፣ ገና አልጸዳሁም፤ ምን ያህል ባዝን ነው የምጸዳው?» ትይኛለሽ። እኔ የእጅ ሥራ መምህርሽ ነበርኩ እንጂ የነፍስ አባትሽ አይደለሁም። ስለዚህ የማውቀውን ልንገርሽ፤ ስለ አሉሚኒየም።

ሰውየው ለወንድሙ የገዛለት አንድ ዮዮ ነበር። ዮዮ ታውቂያለሽ፤ ሁለት ክብ ገጽ፣ መሃሉ ላይ ክር። ስትወረውሪው ወርዶ ይሽከረከራል፤ ክሩን ሳብ ስታደርጊው ተመልሶ እጅሽ ውስጥ ይገባል። ይኼኛው የፕላስቲክ አልነበረም። አሉሚኒየም ነበር፤ ጠዋት ጭጋጉ ሲገለጥ ሐይቁ የሚይዘውን ዓይነት ሰማያዊ መልክ ነበረው። ቀለሙ ከላይ የተቀባ እንዳይመስልሽ። ፋብሪካ ውስጥ የብረቱ ገጽ ራሱ እንዲጠነክርና ቀለሙን እንዲጠጣ ተደርጎ የተሠራ ነው፤ በጥፍር ብትፍቂው አይለቅም።

ልጁ ማለዳ ማለዳ በረንዳው ላይ ቆሞ ያወርደዋል፣ ያወጣዋል። ድምፁ የንብ ያህል ነበር። ጎረቤቱ በዚያ ድምፅ ቀስ ብሎ ነበር ከእንቅልፉ የሚነቃው፤ አንዳንዱም ሳይነቃ ሕልሙ ውስጥ ይሰማው ነበር።

አንድ ቀን ሰውየው ከሥራ ተበሳጭቶ ገባ። ልጁ ፈተና ደርሶበት ሳለ ዮዮውን ይዞ ቆሟል። ሰውየው ነጠቀውና ከሲሚንቶው ደረጃ ጋር አላተመው።

ሰማያዊው ገጽ ላይ ጥልቅ ጭረት ወጣ።  ልጁ ጎንበስ ብሎ አነሳው፤ ክሩን ጠቀለለ፤ ወረወረው። ዮዮው ወርዶ ተመለሰ።

«ምንም አልሆነም፣ ወንድም ጋሼ። ይመለሳል» አለ።

ማታ እራት ላይ ቀድሞ የሳቀውም ልጁ ነበር። ነገሩ በዚያው አለቀ። ለልጁ ማለቴ ነው። ለሰውየው አላለቀም። ዮዮው በተሽከረከረ ቁጥር ጭረቱ ነጭ ቀለበት ሆኖ ይዞራል፤ ሰውየውም ያንን ቀለበት ማየት አቃተው። ልጁ መጫወት ሲጀምር እሱ ፊቱን አዙሮ ወደ ጓዳ ይገባል። አብረው ማለዳን ማሳለፍ ተዉ። ልጁ ምን እንዳጠፋ አያውቅም፤ ወንድሜ ጠላኝ ብሎ ነበር የሚያስበው። ይሄን ልብ በይልኝ፤ በኋላ እመለስበታለሁ።

ልጁ ፈተናውን አለፈ፤ ሩቅ ያለ ዩኒቨርሲቲ ደረሰው። መሄጃው ሲቃረብ ሰውየው፣ «ዮዮህን አምጣ። ቀለሙን ሙልጭ አድርጌ አስለቅቄ፣ መስታወት አስመስዬ እሰጥሃለሁ። ያንን ጭረት ይዘህ አትሄድም» አለው።

«ተወው እባክህ፤ ለምጄዋለሁ» አለ ልጁ።

ሰውየው እምቢ አለ። ልጁም ሰጠው።

ጎረቤታቸው ቤቷ ውስጥ የልብስ ሳሙና እየሠራች የምትሸጥ ሴት ነበረች። ለሳሙናው ከምታስገባው ኮስቲክ ሶዳ በትንሽ ኩባያ ሰጠችው፤ ጓንቷንም አዋሰችው። «መጀመሪያ ውሃውን፣ ከዚያ ዱቄቱን» አለችው። «ባልዲው ፕላስቲክ ይሁን። ደጅ፣ ነፋስ ባለበት ሥራው። ዓይንህን ጠብቅ፤ በባዶ እጅህም እንዳትነካው። ቀለሙ እንደለቀቀ ቶሎ አውጣው፤ ይሄ ነገር መብላት እንጂ መጥገብ አያውቅም።»

ሰውየው እንዳለችው አደረገ። ዮዮውን ለሁለት ፈታው፤ ቡሎኑንና መሃሉ ላይ የሚሽከረከረውን ኩሽኔታ አውጥቶ መስኮቱ ላይ አስቀመጠ። ሁለቱን ገጾች በፕላስቲክ ማንኪያ ባልዲው ውስጥ ለቀቃቸው።

መጀመሪያ ውሃው ዝም አለ። ቀጥሎ ጥቃቅን አረፋ ይንጫጫ ጀመር። ከዚያ ሰማያዊው ተነሣ። ከብረቱ ላይ እንደ ጉም እየለቀቀ ውሃው ውስጥ ቀስ ብሎ ተዘረጋ፤ ሰውየው ጎንበስ ብሎ ሲያይ ሰማይ ባልዲ ውስጥ ሲሟሟ የሚያይ መሰለው። በደረቱ ያለው ክብደትም አብሮ የሚለቅ መሰለው። እውነቱን ልንገርሽ፣ ያ ጊዜ ደስ ይላል። እኔም ወርክሾፕ ውስጥ ብዙ ጊዜ አይቼዋለሁ፤ ዓይን አያስነቅልም።

አወጣው፤ በንጹሕ ውሃ አጠበው፤ አየው። ሰማያዊው የለም። መስታወትም የለም። የክረምት ደመና የመሰለ ድፍርስ ግራጫ ነበር። ጭረቱም እዚያው ነበር።

እዚህ ላይ ነው ሰው የሚሳሳተው። ሰውየው ግራጫውን አይቶ፣ ይሄ እድፍ ነው አለ። ገና አልጸዳም አለ። መልሶ ባልዲው ውስጥ ከተተው።

ጭረቱ ለምን እንዳልጠፋ ልንገርሽ። ኮስቲክ ሶዳ ጉድጓዱንም ሜዳውንም ይበላል። ገጹ ዝቅ ሲል ጭረቱም አብሮት ዝቅ ይላል። መቶ ጊዜ ብትከቺው ያው ነው። ሰውየው ግን ይሄን አላወቀም። አውጥቶ ያያል፤ ግራጫ ነው። ይመልሰዋል፤ ዱቄት ይጨምራል።

ከባልዲው አጠገብ ዱካ ላይ ተቀምጦ ዋለ። አረፋው ሩቅ አገር እንደሚዘንብ ዝናብ ይንሾካሾካል። ጭጋጉ ከሐይቁ ላይ ተነሥቶ ግቢው ድረስ መጣና ሄደ፤ ታንኳ የሚቀዝፉ ሰዎች ድምፅ ከየት እንደሆነ ሳይታወቅ ይሰማና ይጠፋል። ሰውየው ቁጭ ብሎ ሕልም ውስጥ ነበር። ሕልሙ ውስጥ ብረቱ ይጠራል፣ ይጠራል፤ መጨረሻ ላይ ብርሃን ብቻ ይሆናል፤ ያ ቀን፣ ያ ደረጃ፣ ያ እጅ እንዳልነበሩ ይሆናሉ።

ልጁ ከቤት ውስጥ ይጣራል። «ወንድም ጋሼ፣ ምሳ ቀረበ።»

«እስኪጠራ» ይላል ሰውየው።

«ወንድም ጋሼ፣ ነገ እኮ ነው የምሄደው። ሐይቁ ዳር ትንሽ ብንራመድስ?»

«እስኪጠራ አልኩህ እኮ!»

ልጁ ሻንጣውን ብቻውን አሰናዳ። ከዚያ ወጥቶ ደረጃው ላይ ቆመና የወንድሙን ጀርባ ለረጅም ጊዜ አየ። ወደ ባልዲው መጣ። የሴትየዋን ጓንት አጠለቀ፤ እጁን አስገብቶ ሁለቱንም ገጾች አወጣቸው።

ሰውየው ከእንቅልፍ እንደተቀሰቀሰ ሰው ብድግ አለ። «መልሰው! ገና አልጸዳም!»

«ከጸዳ ቆየ፣ ወንድም ጋሼ» አለ ልጁ። «ቀለሙ ገና ጠዋት ነው የለቀቀው። አሁን እያሟሟኸው ያለኸው እድፉን አይደለም፤ ራሱን ነው። አየው፣ ስስ ሆኗል።»

ሰውየው አየ። የዮዮው ጠርዝ ተበልቶ ሳስቷል። ስጦታውን ሁለተኛ ጊዜ እንደሰበረው ገባውና ፊቱን በእጁ ሸፈነ።

ልጁ ግን ገጾቹን ቧንቧ ሥር ደጋግሞ አለቀለቃቸው። ከምድጃ ጥሩ አመድ አመጣ፤ በወንፊት ነፋው። እርጥብ ጨርቅ ይዞ፣ ያ ዮዮ የተላተመበት ደረጃ ላይ ቁጭ አለና፣ ብረት ድስት እንደሚታጠበው ይፈትገው ጀመር። ጨርቁ ጠቆረ። ግራጫው ሥር አንዲት ነጭ ነጥብ ብቅ አለች፤ ሰፋች። ልጁ አንዱን ገጽ ለወንድሙ ዘረጋለት።

«እንካ፤ ይሄኛው ያንተ ነው።»

ጎን ለጎን ተቀምጠው ፈተጉ። እየፈተጉም ወሬ መጣ። ልጁ፣ «የጠላኸኝ መስሎኝ ነበር» አለ። ሰውየው፣ «አንተን ሳይ የሚታየኝ ያ ያላተመው እጄ ነው» አለና አለቀሰ። መፈተጉን ግን አላቆመም። ፀሐይዋ ሐይቁ ላይ ስታዘቀዝቅ፣ ሁለቱም የየራሳቸውን ፊት በያዙት ብረት ላይ አዩ። ጭረቱ አልጠፋም። ጠርዙ ግን ለስልሷል፤ ጣት ሲያልፍበት አይቧጥጥም።

ኩሽኔታውን መልሰው ቡሎኑን አሰሩ። ልጁ ክሩን ጠቀለለና ለወንድሙ ሰጠው። «አንተ ወርውረው።»

ሰውየው ካላተመው ቀን ወዲህ ለጨዋታ ነክቶት አያውቅም። ወረወረው። ዮዮው ሳስቷልና እንደ ድሮው ቀጥ ብሎ አልዞረም፤ ተንቀጠቀጠ፤ ድምፁም ሻካራ ነበር። ክሩን ሳብ አደረገው። ዮዮው እየተንቀጠቀጠ ወጣና እጁ ውስጥ ገባ። አላትሞት የነበረው እጅ ውስጥ።

በማግስቱ ልጁ ኪሱ ውስጥ ይዞት ሄደ።

አሁን አንቺን ልይሽ። ቀና በይ። ያ ሰው አንቺ ነሽ። ዮዮውም አንቺው ነሽ፤ ክፋቱ ይኼ ነው። ኮስቲክ ሶዳው ጸጸት ነው። አያስፈልግም አላልኩሽም፤ መጀመሪያ ስትገቢበት ደግ አድርገሻል፤ መልቀቅ ያለበት ለቅቋል። ግን እሱ የሚያውቀው ማንሣት ብቻ ነው። ማብራት አይችልም። ከወጣሽ በኋላ ያየሽው ግራጫ ኃጢአት አልነበረም፤ ገና ያልተወለወለ ሰው ነበር። አንቺ እድፍ ነው ብለሽ ተመልሰሽ ገባሽ፤ ይኸው እየሳሳሽ ነው። ጉንጭሽን በመስታወት አይተሽዋል?

እህትሽ ደግሞ ይሄን ሁሉ ጊዜ ደረጃው ላይ ቆማ ጀርባሽን ታያለች። የጠላሻት ይመስላታል። አሁን እጇን አስገብታ ልታወጣሽ መጥታለች፤ ነይልኝ ያለችሽ ለዚህ ነው። ጭረቱ ይጠፋል ብዬ አልዋሽሽም። አማቶቿም ያስታውሱ ይሆናል። የሚለሰልሰው ግን አጠገቧ ተቀምጠሽ ስትፈትጊ ነው፤ ብቻሽን ቤትሽ ውስጥ ስታለቅሺ አይደለም።

ስለዚህ እሑድ ትሄጃለሽ። ከእንግዳው ጋር አይደለም፤ በጠዋት፣ ሽሮዋም ወጧም ሳይጣድ። በጓሮ በር ግቢና ቢላዋ አንሺ። ለክርስትና የሚከተፈው ሽንኩርት ብዙ ነው፤ እዚያ ቁጭ ብለሽ ብታለቅሺም ማንም ምን ሆንሽ አይልሽም።