የቡፌው ጓጉንቸር

አንድ ቀን፣ ያውም የዘመን መለወጫ ዋዜማ፣ ወይዘሮ ትርንጎ እግሯ የታሰረ ቀይ ዶሮ በብብታቸው ይዘው ደጃፋቸው ላይ ቆመዋል። ወንድ እየፈለጉ ነው። ሴት ዶሮ አታርድም በሚባልበት ሰፈር፣ ባለትዳሯም ባሏ የሞተባትም በዓል ሲመጣ ዶሮዋን አቅፋ አላፊ አግዳሚውን ወንድ መለመኗ የተለመደ ነው። የዚያን ቀን ግን በመንገዱ የሚያልፈው የደብረ ብርሃን ብርድ ብቻ ነበር። የሰፈሩ ወንዶች ለቅርጫ የገዙትን በሬ ሊጥሉ ከወንዙ ማዶ ወርደዋል፤ የሰፈሩንም ቢላ ሁሉ ሰብስበው ይዘው ሄደዋል።

ቤት ውስጥ ወንድ ጠፍቶ አልነበረም። ባላቸው አቶ ወንድይፍራው ሳሎን ተቀምጠው ራዲዮ ያዳምጣሉ። ሆኖም ያን ስም ያወጡላቸው ሰዎች ከዶሮ ጋር አላዩዋቸውም። ጠብታ ደም ካዩ ግድግዳ ይዘው ነው የሚቀመጡት።

አቶ ወንድይፍራው ጡረታ እስኪወጡ ድረስ የአንድ መሥሪያ ቤት የግዢ ክፍል ኃላፊ ነበሩ። እሳቸው ሲወጡ መሥሪያ ቤቱ ተገላገለ፤ መከራው ወደ ቤታቸው ዞረ። አዲስ አበባ በሄዱ ቁጥር መርካቶ ገብተው የወጥ ቤት መሣሪያ ይዘው ይመለሳሉ። ማጀት ገብተው አያውቁም፤ ስለ ማጀት ግን የማያውቁት ነገር የለም። ያመጡትን ሁሉ ሳሎን ባለው ባለመስታወት ቡፌ ውስጥ ይደረድሩና በትልቅ ጓጉንቸር ይቆልፉበታል። ቁልፉ ቀበቶአቸው ላይ ነው። እንግዳ ሲመጣ ይከፍታሉ፣ ያስረዳሉ፣ ይቆልፋሉ። ወይዘሮ ትርንጎ የሚሠሩት እናታቸው ለሠርጋቸው በሰጧቸው አንድ ቢላ ነበር። እሱንም ሰኔ ላይ እሳቸው ቤተ ክርስቲያን ሄደው ሳለ አቶ ወንድይፍራው ለልዋጭ ሰጡና የእንቁላል መክተፊያ ተቀበሉበት። ሚስታቸው ሲጠይቋቸው፣ «ቢላ የድንጋይ ዘመን ዕቃ ነው» አሉ።

ከዚያ ወዲህ ወይዘሮ ትርንጎ የሚከትፉት ከጎረቤት በተዋሱት ቢላ ነው። የዚያን ቀንም ሽንኩርቱን በማለዳ በውሰት ከትፈው፣ ቢላውን ለባለቤቱ መልሰው፣ አሁን ባዶ እጃቸውን ቀርተዋል። የነገው ዶሮ ደግሞ እንደ ሌላ ጊዜው ዶሮ አይደለም። ልጃቸው ማኅደር ከዳግማ ትንሣኤ በኋላ ተድራ ነበር፤ ነገ አማቷ እትዬ ደብሪቱ ለመጀመሪያ ጊዜ እቤታቸው ሊበሉ ይመጣሉ። እናቷን አይተህ ልጅቷን አግባ ይባላል። ልጁ ያገባው ልጅቷን ብቻ አይቶ ነው፤ እናቱ የቀረውን ሊያዩለት ነው የሚመጡት። እትዬ ደብሪቱ ደግሞ የተሰባበረ የዶሮ ብልት ወጥ ውስጥ ሲያገኙ ጭልፋውን መልሰው የሚያስቀምጡ ሴት ናቸው ተብሎ አስቀድሞ ተወርቷል።

ከአጥሩ ጋር ከተያያዘችው የልብስ ስፌት ሱቅ ዘርጋው ሜትሩን አንገቱ ላይ እንዳንጠለጠለ ብቅ አለ። የበዓል ልብስ አሰፍተው የሚጠብቁት ደንበኞች ስለነበሩ ቅርጫው ጋ አልወረደም።

«እትዬ ትርንጎ፣ ማንን ይጠብቃሉ በዚህ ብርድ?»

«ወንድ።»

«ቤት ውስጥ የሉም እንዴ?»

«ያለውንማ አንተም ታውቀዋለህ።»

ዘርጋው ሳቁን ዋጠ። «በሉ እኔ አርድልዎታለሁ፤ ቢላ ያምጡልኝ።»

«ቢላማ ወዴት አለና። ያንተስ?»

«የኔንም ለበሬው ወስደውታል። ሱቄ ውስጥ የቀረው የጨርቅ መቀስ ነው።»

ይህን ጊዜ አቶ ወንድይፍራው በመስኮቱ ተጣሩ። «ዘርጋው ነው? ና ግባ። አንቺም ዶሮዋን ይዘሽ ግቢ፤ ቢላ ቢላ እያልሽ ጎረቤት አታሰልቺ። መሣሪያ በሞላበት ቤት!»

ገቡ። አቶ ወንድይፍራው ከቀበቶአቸው ቁልፉን ፈትተው ጓጉንቸሩን ከፈቱና ከነቁልፉ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት። የቡፌውን በር ሲከፍቱ ክብራቸው ታቦት እንደሚያወጣ ካህን ሆነ። መጀመሪያ ያወጡት አንድ ጥምዝ መቀስ ነው።

«ይኸውልህ፣ የዶሮ መቀስ። ሠልጥኖ የመጣ ነው። በዚህ ታርዳለህ፣ በዚሁ ብልት ታወጣለህ።»

ዘርጋው መቀሱን ገልበጥ አድርጎ አየው። «ጋሽ ወንድይፍራው፣ እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። በመቀስ ከሆነ መጀመሪያ ልኳን ልውሰድ።»

ወይዘሮ ትርንጎ ዶሮዋን ጠበቅ አድርገው ያዙ። «አጥንቱን ያደቀዋል። ነገ እትዬ ደብሪቱ ፊት የደቀቀ አጥንት አላቀርብም። የልጄ ትዳር እኮ ገና ወራት ነው።»

«አንቺ ደግሞ ያለሽበት ዘመን!» አሉ አቶ ወንድይፍራው፤ ወደ ዘርጋው ዞረው፣ «ይህ ሁሉ የሚመጣው ዕቃ ካለማወቅ ነው። አንተ እንኳ ቀለም የቀመስክ ነህ። እስቲ ከዚህ ቡፌ የማይጠቅም አንድ ዕቃ አሳየኝ። አሳይተኸኝ እንደሆነ አሁኑኑ በቢላ እለውጠዋለሁ።»

«ከቡፌው የማይጠቅም አንድ ዕቃ?»

«አንድ።»

«ቃልዎ ነው?»

«ቃሌ ነው። ትርንጎ ትመስክር።»

ዘርጋው ጎንበስ ብሎ እንደሚሰፋ ጨርቅ እያገላበጠ መመልከት ጀመረ። አንዲት ቀዳዳ ያላት ነገር አነሳ። «ይቺ ምንድን ናት?»

«የካሮት መቅረጫ። ካሮቱን እዚህ ከትተህ ታዞረዋለህ፤ እንደ እርሳስ ሾሎ ይወጣል።»

«ሾሎ ምን ሊጽፍ?»

«ለጌጥ ነው እንጂ!»

«ይቺስ ማንኪያ የምትመስለው?»

«የእንቁላሉን አስኳል ከነጩ የምትለይ ናት።»

«ምን ተጣሉና? ሽማግሌ ሳይገባ ሁለት የተስማሙትን መለየት ነውር ነው።»

ወይዘሮ ትርንጎ ነጠላቸውን ወደ አፋቸው አስጠጉ። አቶ ወንድይፍራው ግን እየጋሉ ሄዱ። ገመድ እየሳቡ ሽንኩርት የሚከትፉበትን ሳህን አወጡ።

«ይህንንስ ምን ትለዋለህ? ሁለቴ ስበህ ሽንኩርቱ ያልቃል።»

«ማለቁንማ አይቻለሁ። ባለፈው ፋሲካ ለማሳየት ብለው አውጥተውት በሱ የተከተፈው ሽንኩርት ውሃ ሆኖ፣ እኛ ወጡን በእንጀራ ብናሳድደው ብናሳድደው አልያዝ አለን። በቀኜ የተቀመጠው እንግዳ በመጨረሻ ብርጭቆ ነው የጠየቀው።»

«የትርንጎ እጅ ነው ያበላሸው እንጂ ዕቃው አይደለም። እሺ፣ ይህስ?» በቀጫጭን ሽቦ የተወጠረውን የእንቁላል መክተፊያ፣ ያንን በቢላው የተለወጠውን፣ በሁለት ጣታቸው ከፍ አደረጉት። «የተቀቀለ እንቁላል እዚህ ታስቀምጣለህ፣ ትጫነዋለህ፣ እኩል እኩል ሆኖ ይቆረጣል። አንዱ እንቁላል ለስንት ሰው ይደርሳል!»

«ነገ ለእትዬ ደብሪቱ ሙሉውን እንቁላል ሳይሆን ቁራሹን ሊያቀርቡላቸው ነው?»

«ምን አለበት?»

«ምንም። ልጅቷ ማታውኑ ሻንጣዋን ይዛ ትመጣለች እንጂ ሌላ ምን አለበት። ደግሞስ በጾም እንቁላል አይበላ፤ በፍስክ ወጥ ውስጥ ሙሉውን ይገባ። ይህ ዕቃ እኮ ከመነኩሴ በላይ የሚጾም ነው።»

«ቀልድህን ተው። ማሾፍ ማሳየት አይደለም። እያንዳንዱ ዕቃ ሥራ እንዳለው አስረድቼሃለሁ። የማይጠቅመውን አሳየኝ አልኩህ እንጂ የማትወደውን አላልኩም።»

ዘርጋው ቀና አለ። ቡፌውን ከላይ እስከ ታች ተመለከተና ራሱን ነቀነቀ። «እውነትዎን ነው። እርስዎን አስረድቶ ማሸነፍ አይቻልም። የዕቃዎቹን ነገር ትቼዋለሁ። ከዚህ ቡፌ የማይጠቅመው» አለና ጣቱን ወደ ጠረጴዛው ቀሰረ፣ «ያ ጓጉንቸር ነው።»

አቶ ወንድይፍራው ሳቁ። «ጓጉንቸሩ? ይህን ሁሉ ንብረት የሚጠብቀው እሱ አይደለም?»

«ከማን?»

«ከሌባ ነዋ!»

ከውጭ፣ ከአስፋልቱ ወዲህ፣ «ልዋጭ፣ ልዋጭ አለ» የሚል ድምፅ ተሰማ። ዘርጋው ጆሮውን አቀና።

«ሌባ እስኪመጣ ከምንጠብቅ ይህን ሰው እንጥራው። አሮጌ ጫማ የማይንቅ ሰው ነው። ከቡፌው ውስጥ ደስ ያለህን አንድ ዕቃ በነጻ ውሰድ ይበሉት። ከወሰደ ጓጉንቸሩ ሥራ አለው፣ እኔ ተረትቻለሁ፤ ዶሮዋን በመቀስዎ አርዳለሁ። ካልወሰደ ግን ማንም የማይነካውን ሲጠብቅ የኖረ ጓጉንቸር ነው፤ በቃልዎ መሠረት በቢላ ይለውጡታል።»

«ዘርጋው፣ በኔ ዶሮ ነው እንዴ የምትወራረደው?» አሉ ወይዘሮ ትርንጎ።

«እትዬ፣ ይመኑኝ።»

«በነጻ?» አሉ አቶ ወንድይፍራው እየተዝናኑ። «ቡፌውን ባዶ እንዳያደርገው ነው የምፈራው። ጥራው።»

ልዋጩ ከረጢቱን በትከሻው እንዳዘለ ገባ። ነገሩ ሲነገረው መጀመሪያ አላመነም፤ በነጻ የሚባል ነገር በሙያው አያውቅም። ጎንበስ ብሎ የመጀመሪያውን ደርብ አየ፣ ሁለተኛውን አየ። የካሮት መቅረጫዋን በቀዳዳዋ አጮልቆ አይቶ መለሳት። የእንቁላል መክተፊያው ጋ ሲደርስ ፊቱ ተቀየረ።

«ፋዘር፣ ይቺን ከኔ አይደል እንዴ የወሰዷት?»

«አዎ፣ ካንተ ነው።»

«ይቺን ለማራገፍ ስንት ሰፈር ዞሬያለሁ። አሁን ደግሞ መልሰው ሊያሸክሙኝ ነው?»

«ሌላም አለ እኮ። የፈለግከውን ውሰድ፣ በነጻ ነው ተብለሃል።»

«በነጻ ቢሆንም ሸክም ሸክም ነው፣ ፋዘር። እግዜር ይስጥልኝ።»

ልዋጩ ከረጢቱን መልሶ ሊያስር መሬት አወረደና ከጎኑ ቢላ አውጥቶ የተቋጠረውን ሲባጎ ቆረጠ። ወይዘሮ ትርንጎ አዩት። እጀታው በመዳብ ሽቦ የተጠመጠመ፣ ስለቱ ከመሳል ብዛት የቀጠነ ቢላ ነው።

«ያ የእናቴ ቢላ ነው» አሉ በቀስታ።

ልዋጩ ደነገጠ። «ማዘር፣ በልዋጭ ነው ያገኘሁት። አልሰረቅኩም።»

«አውቃለሁ ልጄ። የሰጠህ ይኸው ቆሞልሃል።»

«ስንት ዕቃ በእጄ አልፏል፤ እሱን ግን እስካሁን ለማንም አልለወጥኩትም።»

«በምን ትለውጠዋለህ?» አለ ዘርጋው።

«ከዚህ መስታወት ውስጥ ባለው ከሆነ በምንም።» ዓይኑ ግን ጠረጴዛው ላይ አረፈ። ጓጉንቸሩን አነሳ፣ በእጁ መዘነው፣ በቁልፉ ከፈተና ዘጋው፤ ሲዘጋ የሚያሰማውን ድምፅ አዳመጠ። «በዚህ ከሆነ እሺ።»

አቶ ወንድይፍራው ወደ ሚስታቸው አዩ። ወይዘሮ ትርንጎ ምስክር ነበሩ፤ ዓይናቸውን አልሰበሩም። ቢላው ከልዋጩ እጅ ወደ እሳቸው፣ ጓጉንቸሩ ከነቁልፉ ወደ ከረጢቱ ገባ። ልዋጩ ሊወጣ በሩ ጋ ሲደርስ ግን አቶ ወንድይፍራው አላስችል አላቸው።

«ቆይ እስቲ አንተ። ይህን ሁሉ የሠለጠነ መሣሪያ በነጻ ስሰጥህ ንቀህ፣ ጓጉንቸር? ምን ሊያደርግልህ?»

ልዋጩ ሊመልስ አፉን ሲከፍት ዘርጋው ቢላውን ተቀብሎ ዶሮዋን እየያዘ ቀደመው።

«እሱ ቤት የሚሰረቅ ዕቃ ይኖራላ፣ ጋሽ ወንድይፍራው።»

በማግስቱ እትዬ ደብሪቱ ከነሙሉ እንቁላላቸው በልተው ሲነሱ ምራታቸውን፣ «የእናትሽን እጅ ይስጥሽ» ብለው መረቁ። ቡፌው ከዚያን ቀን ጀምሮ ክፍቱን ያድራል፤ እስካሁን አንድም ዕቃ አልጎደለም።