«ወደ ኋላ!» የተባለው ውሻ

አንድ ሰው ነበር። የአገራችን ሰው ነው፤ የሚኖረው ግን ኖርዌይ ገጠር ውስጥ ነው። የበረዶው ወራት ሲገባ ሌላው ቤቱን ዘግቶ ይቀመጣል፤ እሱ ግን እንዳያንሸራትተው ሶሉ ጥርስ ያለው ጫማ ያስራል፣ ዳማ የሚባለውን ውሻውን በገመድ ይይዛል፣ በጫካው መሃል ይሮጣል።

ይህ ሰው መቀደም አይወድም። ዳማ ገና ቡችላ ከነበረበት ጊዜ ጀምሮ ከጌታው ጉልበት አለፍ ካለ «ወደ ኋላ!» ይለዋል። ሦስት ዓመት ሙሉ «ወደ ኋላ!»። ሚስቱ ትርሲት፣ መንገዱን ውሻው ይበልጥ ያውቀዋልና አንዳንዴ ይምራህ ስትለው፣ በውሻ የሚመራ ሯጭ አይቼ አላውቅም ብሏት ይወጣል።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት ትርሲት ሰማዩን አየችና ዛሬ ራቅ አትበል አለችው። ሰማት? አልሰማትም። በገዛ ዱካዬ እመለሳለሁ ብሎ ልቡ ሙሉ ነበር። አንድ ሰዓት ሮጦ ዞር ሲል ዱካ የለም። ነፋሱ በረዶውን አልብሶታል። ስልኩን ቢያወጣ ባትሪውን ብርዱ ጨርሶታል። ላቡ ገላው ላይ ይቀዘቅዝ ጀመር። በዚያ ብርድ ቆሞ የቀረ ሰው ብዙ እንደማይቆይ ያውቃልና ፈራ።

ያን ጊዜ ዳማ ትዝ አለው። «ወደ ቤት!» አለው። ዳማ ጆሮውን አቆመ፣ ወደ ግራ አሸተተ፣ መንገዱን አወቀ። ሄደ? አልሄደም። መጥቶ ከኋላው ቆመ። ሰውየው ዞረ፤ ዳማም ዞሮ ከኋላው። ወደ ፊት ገፋው፤ ተመልሶ ከኋላው። ታዲያ ምን ያድርግ? በቀደመ ቁጥር ምን ሲባል ኖረ?

በመጨረሻ ሰውየው ደከመውና በረዶው ላይ ተንበረከከ። ዳማ ፊቱን አሸተተውና አለፈው። ሰውየው ተነስቶ ሊሮጥ ሲል ውሻው ተመልሶ ከኋላው ቆመ። ስለዚህ ያ ሯጭ አጎንብሶ፣ ገመዱን አላልቶ፣ ከውሻ ኋላ እያዘገመ ቤቱ ደረሰ።

ጣቶቹ ደንዝዘው ስለነበር ጫማውን የፈታችለት ትርሲት ናት። የሆነውን ሁሉ ነገራት። ማሰሪያውን እየፈታች ሰማችው። ከዚያ ቀና ሳትል፣ «እኔም እኮ ከኋላህ ቆሜ ነበር» አለችው።

ወገኖቼ፣ እሱ ምን እንደ መለሰላት አልነግራችሁም። የምፈልገው የእናንተን መልስ ነው። እናንተስ ማንን ነው «ወደ ኋላ!» ስትሉ የኖራችሁት? ሚስታችሁን? ልጃችሁን? ሕሊናችሁን? ሲጨንቃችሁ ደግሞ ለምን ዝም ይሉኛል ትላላችሁ። ዝምታን ያስተማራችኋቸው እናንተ አይደላችሁም?

እግዚአብሔርንስ? ያሰባችሁትን ጨርሳችሁ፣ ፊት ፊት እየሮጣችሁ፣ ከኋላ ሆነህ ባርክልኝ ያላችሁት ስንት ጊዜ ነው? እኔ ብዙ ጊዜ ብያለሁ፤ አልዋሽም።

ግን አትፍሩ። ዱካችሁ ጠፋ እንጂ መንገዱ አልጠፋም። መንገዱን የሚያውቀው ትቷችሁ አልሄደም፤ አብሯችሁ ነው። ዛሬ ቤታችሁ ስትገቡ ከኋላችሁ ያቆማችሁትን ሰው ፈልጉና «እስቲ ዛሬ አንተ ቅደም፣ እስቲ ዛሬ አንቺ ቅደሚ» በሉ። ለመቅደም ቢያመነታ አትቆጡ፤ አትግፉት። መጀመሪያ ተንበርከኩ።