የመጨረሻዋ ግማሽ ዙር

በድሮ ዘመን ነው፣ ልጆቼ። ድሮ ስላችሁ ግን እንስሳት ሁሉ ይናገሩ የነበረበት ድሮ አይደለም። የመብራት ሽቦ ሾላ በር ወደምትባል ከተማ ገና በገባበት፣ ሰው አምፖል አንጋጦ እያየ ከድንጋይ ጋር በሚጋጭበት ዘመን ነው። ጠጋ በሉና ስሙኝ።

በዚያች ከተማ ሁለት ባለሙያዎች ይኖሩ ነበር።

አንደኛው ጋሽ ዘርጋው ናቸው። ታጋሽ፣ ዝምተኛ፣ እጃቸው ከአፋቸው የሚቀድም ሽማግሌ። ብረቱን ራሳቸው ይቀጠቅጣሉ፣ ብሎኑን ራሳቸው ይሞርዳሉ፣ ካቻቢቴያቸውን እንኳ ራሳቸው ሠርተው የወይራ እጀታ አብጅተውለታል።

ሁለተኛው ማንያዘዋል ነው። ፈጣን፣ ብልጥ፣ አፉ ከእጁ የሚቀድም ጎልማሳ። በመብራት የሚዞር ካቻቢቴ ከሩቅ አገር አስመጥቷል፤ ቁልፉን ሲጫነው እንደ ተቆጣ ንብ ጥዝዝ ይላል።

ከከተማዋ በላይ ሰፊ ኩሬ ነበር። ኩሬውን የሚዘጉት ጎን ለጎን የቆሙ ሁለት የእንጨት በሮች ናቸው። ክረምት ሲገባ በሮቹ በድንጋይ ምሰሶዎች መካከል ወደ ላይ ይሳቡና ጎርፉ ወደ ወንዙ ይለቀቃል። ካልተለቀቀ ኩሬው ሞልቶ የታችኛውን ሰፈር ከነቤቱ ከነከብቱ ይጠርገዋል።

አንድ በጋ በሮቹ አረጁ። የከተማዋ ገዥ ግራዝማች ደርበው ሁለቱን ባለሙያዎች አስጠሩ።

«ለእያንዳንዳችሁ አንድ አንድ በር ሰጥቻለሁ። የበለጠው በገበያው ዳር ያለውን የሥራ ቦታ ይዞ ይቀራል። የተበለጠው ዕቃውን ጭኖ ሌላ አገር ይፈልግ።»

ጋሽ ዘርጋው ወደ ገበያው ዳር ዞረው አዩ። በገበያው ዳር ያለውን ምድጃ ያቀጣጠሉት አባታቸው ነበሩ፤ እርሳቸውም አርባ ዓመት ሙሉ ፍሙን በአመድ እያዳፈኑ አንድ ቀን እንኳ ሳያጠፉት ኖረዋል።

በመጀመሪያው ቀን ማንያዘዋል ጥዝዝ አደረገ፤ ሳንቃዎቹን ገጣጠመ። ጋሽ ዘርጋው እንጨት መረጡ።

በሁለተኛው ቀን ማንያዘዋል ጥዝዝ አደረገ፤ በሩን ጨረሰ። ጋሽ ዘርጋው ብሎን ቀጠቀጡ።

በሦስተኛው ቀን ማንያዘዋል ጥላ ሥር እግሩን ዘርግቶ ተቀመጠ። ጋሽ ዘርጋው ገና ሳንቃ ማሰር ጀመሩ።

አሠራራቸውም እንዲህ ነበር። በሳንቃና በሳንቃ መካከል የገብስ ፍሬ የምታህል ክፍተት ይተዋሉ። ብሎኑን ቀስ እያሉ ያዞራሉ። ሊያልቅ ሲል ዓይናቸውን ጨፍነው ጆሯቸውን ከእንጨቱ ላይ ያሳርፋሉ። ግማሽ ዙር ሲቀርም እጃቸውን ያነሣሉ።

ማንያዘዋል ከጥላው ሥር ሳቀ።

«ጋሼ፣ እንጨቱ ምን ሹክ አለዎት?»

«ክረምት እንዳለ።»

«እኔ እኮ በር የሚሠሩ መስሎኝ ነበር! ይኼ ወንፊት ነው። በክፍተቱ ዓሣ ያመልጣል።»

የጋሽ ዘርጋው ባለቤት እትዬ ብርቄ ወናፉን እያናፉ ቀና አሉ። «ዓሣውስ ግድ የለም፤ ክረምት ሲመጣ አንተ እንዳታመልጥ!»

በሾላ በር ከተማ ልማድ የእንጨት ሥራ የሚመረቀው የመጀመሪያው ዝናብ ከወረደበት በኋላ ነው። ግራዝማች ደርበው ግን ቸኮሉ። በዚያ በጋ ኩሬው ጎድሎ ውኃው ከበሮቹ እግር በታች ስለ ነበር፣ አንድ አንድ እንስራ አስቀድተው በሮቹ ላይ አስደፉ። በጋሽ ዘርጋው በር ውኃው ጠብ ጠብ አለ። በማንያዘዋል በር አንዲት ጠብታ አላለፈችም። የብሎኖቹ አናት ጠልቆ እንጨቱን ሰንጥቆት ነበር፤ ማንያዘዋል ግን ስንጥቁን በሰምና በሰጋቱራ ደፍኖ ወልውሎታል።

«ይህችን በር መርቄያታለሁ!» አሉ ግራዝማች። «ዘርጋው፣ እስከ ቅዳሜ ምድጃውን ልቀቅ።»

«ጌታዬ፣ እባክዎ ዝናቡ ይፍረድ። ልማዳችን ነው።»

«በዓይኔ አየሁ እኮ! ከዚህ በላይ ምን ልይ?»

ሐሙስ ዘነበ። ዓርብ ዘነበ። ቅዳሜ ሰማዩ ተቀደደ።

ጋሽ ዘርጋው የብረት መቀጥቀጫ መስፋቸውንና ወናፋቸውን በአህያ ሲጭኑ፣ እትዬ ብርቄም የአርባ ዓመቱን ፍም በገል አድርገው ከጋቢያቸው ሥር ሲሸሽጉ፣ ከኩሬው በኩል እሪታ ተሰማ።

ኩሬው ሞልቷል። ሰው ተረባርቦ በሮቹን ሳበ። የጋሽ ዘርጋው በር እንጨቱ ሲያብጥ ያችኑ የተተወችለትን ክፍተት ሞልቶ፣ ምሰሶውን ሳይነካ ወደ ላይ ወጣ። የማንያዘዋል በር ግን የሚያብጥበት ስፍራ ስላልተተወለት ወደ ጎን ሰፍቶ ምሰሶዎቹን ነክሶ ቀረ። አንድ በር ደግሞ ለዚያ ጎርፍ አይበቃም።

ማንያዘዋል ካቻቢቴውን ይዞ ሮጠ። ቁልፉን ተጫነ፤ ዝም። ደግሞ ተጫነ፤ ዝም። ለሦስተኛ ጊዜ ተጫነ፤ ዝም። ዝናቡ መብራቱን አጥፍቶት ነበር። በዚያ ላይ ሰሙ ታጥቦ ስንጥቁ እንደ ገጠጠ ጥርስ ብቅ አለ። ግራዝማች አዩት።

ማንያዘዋል እስከ ጉልበቱ በጭቃ ተለውሶ ከአህያዋ ፊት ደረሰ።

«ጋሼ! ካቻቢቴዎን! የታችኛው ሰፈር ሊያልቅ ነው!»

«ዓሣው አመለጠ እንዴ?» አሉ እትዬ ብርቄ።

ጋሽ ዘርጋው ግን ገመዱን ለባለቤታቸው ሰጡ። «ብርቄ፣ አህያዋን እሰሪያት።»

ወደ በሩ ወረዱ። የብሎኖቹ አናት ተፍቆ ስለ ነበር፣ ካቻቢቴው የሚነክሰውን አዲስ ጭረት በመሮ ቆረጡለት። ከዚያም ዓይናቸውን ጨፍነው አዞሩ። አንድ ብሎን ወጣ። ሁለት፣ ሦስት። ማንያዘዋል በትከሻው ሳንቃውን ደግፎ ይገፋል።

«በጉልበት አትግፋው፤ ስማው» አሉት።

ስድስተኛው ብሎን ሲወጣ «ዞር በል!» ብለው እጁን ሳቡት። ውኃው የዳር ሳንቃውን ገፍቶ ወረወረው፤ በሩም ላላ። ሰዉ ሳበ፣ በሩ ወጣ፣ ጎርፉ እያጓራ ወደ ወንዙ ሄደ። በታችኛው ሰፈር አንዲት ዶሮ እንኳ አልሞተችም።

«ማንያዘዋል ይውጣልኝ!» አሉ ግራዝማች። «ያችን የተጫነች አህያ ነድቶ ይሂድ!»

«አህያዋ የእኔ ናት፣ ጌታዬ» አሉ ጋሽ ዘርጋው። ሰው በዝናብ ውስጥ ሳቀ። «ይልቅ እስከ መጪው ክረምት ወናፌን ያናፋልኝ። ጆሮው እስኪከፈት።»

እንዲሁ ሆነ። ግራዝማች ደርበውም በጭቃው ተንበርክከው፣ እትዬ ብርቄ ያተረፉትን ፍም ወደ ምድጃው መልሰው በገዛ አፋቸው እፍ አሉበት።

ከዚያ ወዲህ በሾላ በር ከተማ ብሎን የሚጀመረው በመብራቱ ካቻቢቴ ነው። ሊያልቅ ሲል ግን ማንያዘዋል ራሱ ቁልፉን ይለቃል፣ የወይራ እጀታውን ይይዛል፣ ዓይኑን ይጨፍናል።

እንግዲህ ልጆቼ፣ ጉልበት ብሎንን ያስገባል፤ የት እንደሚቆም የሚያውቀው ግን የሚሰማ እጅ ነው። የሰውንም ሥራ ስታዩ፣ ለማመስገንም ለመንቀፍም ዝናቡ እስኪወርድበት ታገሡ።

እኔም ተረቴን አጥብቄ አልዘጋውም፤ ግማሽ ዙር ለእናንተ ትቻለሁ።