የጉድባ ማርያሞቹ እነ ታከር

በጉድባ ማርያም፣ ከወንዙ በላይ በተረተሩ ላይ ከተሰለፉት ቤቶች መካከል ዛሬ ጣራው ቆርቆሮ ያልሆነ አንድም የለም፤ ሆኖም በእያንዳንዱ ቆርቆሮ ቁንጮ ላይ አንዲት የሰንበሌጥ እስር በጽኑ ቋጠሮ ታስራ፣ ነፋስ እያወዛወዛት ትታያለች። መንገደኛ ሲያያት ወፍ የጀመረው ጎጆ ትመስለዋለች። ከእነዚህ ቤቶች በአንዱ የሚኖሩት ሰዎች ደግሞ «እነ ታከር» ይባላሉ። በአገራችን ልጅ የአባቱን ስም ይዞ ይኖራል፤ የእርሱም ልጅ በተራው የራሱን አባት ስም ያነሳና የአያቱ ስም ቀስ እያለ ወደ ኋላ ይቀራል፤ እነርሱ ግን በአምስት ትውልድ ያልተለወጠ፣ አንድም አባታቸው ያልተጠራበት ባዕድ ስም በደጃፋቸው ተክለው ይኖራሉ። የእስሯም የስሙም ምንጭ አንድ ነው ይላሉ የአገሩ ሽማግሌዎች።

እንደሚነገረው፣ ቆርቆሮ የሚባል ነገር በዚያ አገር ገና ስሙ እንኳ ባልተሰማበት ዘመን፣ ታከር የተባለ አንድ እንግሊዛዊ ሁለት በቅሎ ወረቀት አስጭኖ በግንቦት ወር ወደ ጉድባ ማርያም መጣ። ሥራው ሣር መልቀም ነበር። ከማለዳ ጀምሮ በየመስኩ ያጎነብሳል፤ አንዲቱን ሣር ነቅሎ ወደ ፀሐይ ያነሳታል፤ አንጓዋን ይቆጥራል፤ ከዚያም እንደ ሕፃን አባብሎ በሁለት ወረቀቶች መካከል ያስተኛትና ሌላዋን ፍለጋ ይሄዳል። አገሬው ነገሩ ግራ ቢገባውም እንግዳ ነውና ዝም ብሎ ያየው ነበር። አስተርጓሚው ቢሻው የሚባል፣ በምጽዋ ወደብ ከመርከበኞች ጋር ውሎ ቋንቋ የለመደ ሰው ሲሆን፣ የማያውቀውንም ነገር ሳይተረጉም የማያልፍ ነበር ይባላል።

በዚያው ወር አለኸኝ የተባለ ጎልማሳ ትልቅ ጭንቅ ይዞት ነበር። የባላምባራስ ጥሩነህን ልጅ እንጉዳይን አጭቶ፣ ሠርጉ የሐዋርያት ጾም ከመግባቱ በፊት ባለው የመጨረሻ እሑድ ተቆርጧል፤ ጾሙ ከገባ ሠርግ የለም፣ ጾሙ ሲወጣ ደግሞ ክረምት ነው። የአለኸኝ ጎጆ ግን ግድግዳው ተመርጎ፣ የጣራው እንጨት ተዋቅሮ፣ ሣር ሳይለብስ እንደ ከሲታ በሬ የጎድን አጥንቱ እየተቆጠረ ቆሟል። ባላምባራስም «ልጄ ሰማይ ተከናንባ አታድርም» ብለው ምለዋል፤ ከወንዙ ማዶ ደግሞ ቤቱን ከከደነ ሁለት ዓመት የሞላው ሌላ ፈላጊ ነበራት።

በአገሩ ያሉት ቤት ከዳኝ አንድ ብቻ ነበሩ፤ አያ ልመንህ። እኒህ ሽማግሌ ሙያቸውን እንደ ታቦት ከልለው የሚጠብቁ፣ ጣራ ላይ ሲወጡ ረዳት የማያስከትሉ፣ ሣር የሚያቀብላቸውንም ሰው «ፊትህን አዙር» የሚሉ ነበሩ። በዚያ ሰሞን ከበቅሎ ወድቀው ቀኝ እጃቸው ተሰበረና ወጌሻው በቀርክሃ ጠፍንጎ አርባ ቀን እንዳያንቀሳቅሱት አዘዛቸው። የወደቁት ከበቅሎ እንጂ ከጣራ አለመሆኑን ለጠየቃቸውም ላልጠየቃቸውም ያስረዱ ነበር አሉ።

ለሠርጉ ዘጠኝ ቀን ሲቀር፣ እንግሊዛዊው በባላምባራስ ቤት ራት ተጋብዞ ሳለ፣ ባላምባራስ እንደ ጨዋ ደንብ የስሙን ትርጓሜ ጠየቁ። ቢሻውም ይህን ጊዜ ሲጠብቅ የኖረ ይመስል ጉሮሮውን ጠረገና የእንግሊዞችን የስም ሥርዓት ያብራራ ጀመር።

«በነርሱ አገር፣ ጌታዬ፣ የቅድመ አያት ቅድመ አያት ስም ለዘር ሁሉ ይተርፋል። አንዱ ብረት ሲቀጠቅጥ ኖሮ ስሚዝ ተባለ፤ ዘሩ ሁሉ ስሚዝ ነው። ሌላው እህል ሲያስፈጭ ኖሮ ሚለር ተባለ፤ ዘሩ ሁሉ ሚለር ነው። ጉብታ ላይ ቤት የሠራውም ሂል ተብሎ ቀረ።»

«ቀጥቃጭነቱን ሰው በገዛ አፉ ያውጃል?» አሉ ባላምባራስ ጉርሻቸውን አቁመው። «እኛ ዘንድ እንዲህ ያለውን የሚናገርልህ ጠላትህ ነው።»

«እነርሱ ይኮሩበታል።»

«ጉብታው ላይ የነበረውስ ሰው የልጅ ልጁ ወደ ሜዳ ቢወርድ?»

«ያው ሂል ነው፣ ጌታዬ።»

ባላምባራስ ራሳቸውን ነቀነቁ። «የኛውስ እንግዳ? ታከር ማለት ምንድን ነው?»

«ቤት ከዳኝ ማለት ነው» አለ ቢሻው።

የሰው ሁሉ ልብ ወደዚያ ወደ ሣሩ ሄደ፤ ወደ ፀሐይ ማንሳቱ፣ አንጓ መቁጠሩ፣ ወረቀት ውስጥ ማስተኛቱ፣ የዘር ሙያውን የማይረሳ የከዳኝ ልጅ ሣር መምረጡ ኖሯል። በመጨረሻው ወንበር ላይ የነበረው አለኸኝ ተነሥቶ ሄደና የእንግሊዛዊውን ጉልበት ሳመ። እንግዳው ነገሩ ሲገለጥለት ፊቱ ቀልቶ «እኔ እንኳ…» ብሎ ሲጀምር፣ ባላምባራስ «የአባቱን ስም ሊክድ ነው እንዴ?» አሉ፤ ቢሻውም ይህችን ቃል ከሌላው ሁሉ አብልጦ በታማኝነት ተረጎማት። ታከር ራሱን በእሺታ ነቀነቀ። ደግሞም የሰባት መቶ ዓይነት ሣር ስም በቃሉ የሚያውቅ ሰው አንድ ጎጆ መክደን አያቅተውም ብሎ በልቡ አሰበ የሚሉም አሉ።

በማግሥቱ መሰላል ተደግፎለት ወጣ፤ ሽቅብ አልፎ ሄደና የመጀመሪያዋን እስር ከቁንጮው ላይ አሰራት። ከዚያ ሁለተኛዋን ከእርሷ በታች፣ በላይዋ ደርቦ፤ ሦስተኛዋንም እንዲሁ እያደረገ ቁልቁል ይወርድ ጀመር። ከታች የቆመው ሰው ተያየ።

«ከላይ ጀመረ እኮ» አለ አንዱ።

«ዐሥራ ሁለት ትውልድ ሲሠሩት የኖሩት ነው፤ አንተ ምን ታውቃለህ?» አለው ሌላው። ዐሥራ ሁለት የሚለው ቍጥር ከየት እንደመጣ ግን ማንም አያውቅም።

አያ ልመንህ የተጠፈነገ እጃቸውን በነጠላ አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው ከወይራው ሥር ተቀምጠው ነበር። የመጀመሪያዋን እስር ሲያዩ አፋቸው ተከፈተ፤ ሁለተኛዋን ሲያዩ መልሰው ዘጉት። አለኸኝ ቀረብ ብሎ፣

«አያ ልመንህ፣ እንዴት አዩት?» ቢላቸው፣

«መልካም ነው» አሉት። «ዓሣ ለሚያገባ ሰው ጥሩ ቤት ነው።»

አለኸኝ ቅናት መሰለውና ወደ ሥራው ተመለሰ።

ጎጆው በስድስተኛው ቀን አለቀ፤ ከሩቅ ሲያዩትም ያምር ነበር ይባላል። ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ባላምባራስ ሊመርቁት ገብተው፣ ታከርን በቀኛቸው አስቀምጠው፣ ገና «እግዚአብሔር…» እንዳሉ ሰማዩ ጮኸና ዝናብ ወረደ። ከላይኛው ሣር የሚወርደው ውሃ በታችኛው ሣር ላይ መንሸራተት ሲገባው፣ የታችኛው በላይኛው ላይ ተደርቦ አፉን ከፍቶ ይጠብቀው ስለነበር፣ አንዳችም ጠብታ በከንቱ ወደ ውጭ ሳይባክን ሁሉም እየተሰበሰበ ወደ ውስጥ ገባ። ዝናቡ በውጭ ካባራ በኋላ እንኳ በውስጥ ቀጥሎ ነበር ይላሉ። ባላምባራስ ጥምጥማቸው እየተፈታ በትከሻቸው ላይ ሲወርድ ከመቀመጫቸው አልተነሡም።

«አለኸኝ» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ልጄን ለወንዝ ማዶው ሰው መስጠቴ ነው። ውሃ ትሻገር እንደሆነ እንጂ ውሃ ውስጥ አትኖርም።»

አለኸኝ የገዛ ግድግዳውን ተደገፈ፤ ጭቃውም አብሮት ወረደ። ያን ጊዜ ታከር ውሃ የሞላ ባርኔጣውን በሁለት እጁ ይዞ ተነሣና ተናገረ፤ ቢሻውም ለመጀመሪያ ጊዜ ከራሱ ምንም ሳይጨምር ተረጎመ።

«አባቴ የሕፃናት አስተማሪ ነው። አያቴ ሻማ ይሸጥ ነበር። ከዚያ በላይ ያሉትን አላውቃቸውም። ከቤተሰባችን ጣራ ላይ የወጣ እኔ የማስታውሰው ድመታችንን ብቻ ነው።»

«ሙያው ከጠፋ ስሙን ለምን ትይዙታላችሁ?» አሉ ባላምባራስ።

ታከር የባርኔጣውን ውሃ ደፋ። «የምንመልስለት ሰው አጥተን ነው።»

በዚህ መካከል አያ ልመንህ ገሳቸውን ደርበው በበሩ ገቡ፤ በዚያ ቤት ውስጥ ያልረጠቡ እርሳቸው ብቻ ነበሩ። ጣራውን አዩት፣ ጥምጥሙን አዩት፣ ሳቁ፤ እጃቸው ከተሰበረ ወዲህ እንዲህ ስቀው አያውቁም ነበር። ከዚያ ዓይናቸው በአለኸኝ ፊት ላይ አረፈና ሳቃቸው ተቋረጠ።

«ከመጀመሪያዋ እስር አይቼዋለሁ» አሉ። «ዝም ያልኩት እኔ ተኝቼ ሙያዬ በሌላ ሰው እጅ ሲያምር እንዳላይ ነው። ባላምባራስ፣ እስከ እሑድ ይታገሡኝ። እኔ ሙያ አለኝ፣ እጅ የለኝም። ይህ ሰው እጅ አለው፤ ስሙንማ ከነአያቶቹ ይዞት መጥቷል። በሉ፣ ሣሩን አውርዱት።»

ባላምባራስ ጥምጥማቸውን ጨምቀው «እስከ እሑድ» አሉ።

ዓርብና ቅዳሜ አገሩ ሁሉ ተሰበሰበ። አያ ልመንህ በዘመናቸው ሁሉ በሹክሹክታ እንኳ ያልተነፈሱትን ምሥጢር፣ እጅ ሲያጡ ጊዜ ከወይራው ሥር ቆመው በጩኸት ለመንደሩ ሁሉ ያስተምሩት ጀመር፤ ፊቱን እንዲያዞር የተነገረው ሰውም አልነበረም። «አንተ ታከር፣ ከጠርዙ ጀምር» ይሉት ነበር። «ውሃው ከላይ ወደ ታች ይመጣል፤ አንተ ከታች ወደ ላይ ሂድ፤ መንገድ ላይ ትገናኛላችሁ።» እርሱም እንዳሉት ከጠርዙ ተነሥቶ፣ የላይኛውን በታችኛው ላይ እየደረበ ወጣ። ከአሮጌው ክዳን ሳትነሣ የቀረች በቁንጮው ላይ ያሰራት ያች የመጀመሪያ እስር ብቻ ነበረች፤ ሦስት ጎልማሶች ቋጠሮዋን ሊፈቱ ታግለው አቃታቸው። አያ ልመንህ ሽቅብ አይተው፣

«ተዉአት» አሉ። «ሰውዬው መክደን ባያውቅም ማሰር ያውቃል።»

እሑድ ሠርጉ ሆነ፤ ዝናቡም ሳይጠሩት መጣ። ባላምባራስ ከጎጆው መካከል ተቀምጠው መዳፋቸውን ወደ ላይ ዘርግተው እስኪመሽ ጠብታ ሲጠብቁ ዋሉ፤ አንዲትም አልወረደችላቸውም። ታከር ሣሩን ጭኖ ሲሰናበት አያ ልመንህ፣

«ስሙን ይዘኸው ልትሄድ ነው ወይስ ትተኸው?» ቢሉት፣

«አሁንማ ሠርቼበታለሁ፤ እይዘዋለሁ» አለ። «ለቤቱ ግን አካፍለዋለሁ።»

ጎጆው የታከር ጎጆ ተባለ፤ ከአለኸኝና ከእንጉዳይ የተወለዱትም እነ ታከር ተባሉ። ከዚያ ወዲህ በጉድባ ማርያም ጣራ ሲለብስ፣ መጀመሪያ ክዳን ነክቶ የማያውቅ ሰው ተፈልጎ ወደ ቁንጮው ይወጣል፤ አንዲት እስር ያስራል፤ ሲወርድም በጣሳ ውሃ ይደፉበታል፤ ሥራው የሚጀመረው ከዚያ በኋላ፣ ከጠርዙ ነው።

አያ ልመንህ ጮኸው ያስተማሩት መንደር ሁሉ ከዳኝ ሆኖ ኖረ፤ ቆርቆሮ ከመጣም ወዲህ ቆርቆሮ መቺ ሆነ። እነ ታከር ግን ከመኪና ጋር ተዋደዱ፤ የዛሬው አባወራ የጭነት መኪና ነጂ ነው፤ ወንድሙ ጎማ ይጠግናል። ስለዚህ አዲስ ቤት የሚሠራ ሰው ሙያ የሌለው እጅ ሲፈልግ ብዙ አይዞርም፤ «እነ ታከርን ጥሩ» ይላል። እነርሱም ይመጣሉ፣ ይወጣሉ፣ ያስራሉ፣ ውሃቸው ተደፍቶባቸው እየሳቁ ይወርዳሉ፤ የእስሯን ቋጠሮ ግን እስከ ዛሬ ነፋስ ሲፈታው አልታየም ይባላል።