ቀስቃሽና የወደቁት ስሞች

ተረቴ መጣች፤ በር ክፈቱላት። «ግቢ» በሏት እንጂ! እሺ፣ ገባች። ግን መራራ ናት፤ ኋላ «ምነው ሳትነግረን» እንዳትሉኝ።

ድሮ ድሮ፣ ዕቃ ሁሉ አፍ በነበረው ዘመን፣ በአንድ ሆስፒታል ጓሮ፣ በአንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ ሰርቨር የሚባል ኮምፒውተር ይኖር ነበር። ሥራው የበሽተኛ ስም መያዝ ነው። ስም ሲመጣለት በመዳፉ ይይዛል፤ መዳፉ ሲሞላ ወደ መዝገብ ያወርዳል። ጎኑ ላይ ማራገቢያ ነበረች፤ እፍ እፍ እያለች ታበርደዋለች።

ሰርቨር አንዳንዴ ይወድቃል። ሲወድቅ በመስኮቱ ያለው መዝጋቢ «ሲስተም የለም!» ይላል። ሕዝቡ ይጮሃል። ጩኸቱን ሰምቶ ባለሙያው ምንዳዬ ቁልፉን እያቅጨለጨለ ይመጣል፤ ሣጥኑን ከፍቶ፣ የጣለውን ነገር ፈልጎ፣ ጠግኖ ይሄዳል።

ሥራ አስኪያጁን ጩኸቱ ሰለቸው። ምንዳዬን ጠርቶ ቀስቃሽ አስገባልኝ አለው። ቀስቃሽ ሰርቨር ውስጥ የሚቀመጥ ትንሽ ፕሮግራም ነው፤ ሥራው አንዲት ቃል ናት። ሰርቨር ሲወድቅ «ተነሥ!» ይላል፤ ሰርቨርም ዓይን ተጨፍኖ ሳይገለጥ ይነሣል። ሥራ አስኪያጁ ደስ አለውና በሩ ላይ «እዚህ ቤት ሥራ ቆሞ አያውቅም» የሚል ወረቀት ለጠፈ። ምንዳዬም ከዚያ ወዲህ በዚያ በኩል አላለፈም።

ይህን ያየች አይጥ ሰርቨር ሆድ ውስጥ ገባች። ሙቀቱ ተስማማት። ጨርቅና ወረቀት ጎትታ ማራገቢያዋ አፍ ላይ ጎጆ ሠራች፤ ወለደችም። ማራገቢያዋ ታፈነች። ሰርቨር ጋለ፤ ወደቀ።

«ተነሥ!» አለ ቀስቃሽ።

ተነሣ። በመዳፉ የነበሩት ስሞች ግን ተበትነው ጠፉ።

ከጠፉት አንዱ የእማማ ብርነሽ ስም ነበር። እማማ ብርነሽ ሁለት መኪና ለውጠው ከገጠር የመጡ ባልቴት ናቸው። ዓይናቸው እየደከመ ነው። የገጠሩ ሐኪም «ቶሎ ከታከመ ይተርፋል፤ ሆስፒታል ሄደው ወረፋ ይያዙ፣ ይደወልልዎታል» ብሏቸዋል። ወረፋ ያዙ፤ ወር ጠበቁ፤ የደወለ የለም። ተመልሰው መጡ።

«ስምዎ የለም፣ እማማ» አለ መዝጋቢው።

«አንተው አይደለህ የመዘገብከኝ? ያቺ ግንባርህ ላይ ያለችው ጠባሳ እንኳን አልጠፋችኝም!»

«ሲስተሙ ቆሞ አያውቅም፤ እርስዎ ተሳስተው ይሆናል። በሉ እንደገና ይመዝገቡ።»

ተመዘገቡ። ሰርቨር ጋለ፤ ወደቀ። ያኔ ማራገቢያዋ በጨርቁ መሐል እያቃሰተች ተናገረች።

«ቀስቃሽ ሆይ፣ ዛሬስ ተወው ይተኛ። እሱ ከተኛ ሰው ይጮሃል። ሰው ከጮኸ ምንዳዬ ይመጣል። ምንዳዬ ከመጣ ሣጥኑን ይከፍታል። ሣጥኑን ከከፈተ ጎጆውን ያያል።»

አይጥ ብቅ አለች። «ጌታዬ ቀስቃሽ፣ ቀንታብህ ነው እኮ! አንድ ቀን ካስተኛኸው በሩ ላይ ያለችው ወረቀት ትቀደዳለች። ወረቀቷ ከተቀደደች አንተ ምንድን ነህ?»

እውነትም ያኔ እኔ ምንድን ነኝ? አለ ቀስቃሽ በልቡ።

«ተነሥ!»

በወሩ እማማ ብርነሽ መጡ። መስኮቱን በእጃቸው ዳብሰው አገኙት። ጠባሳውን አላዩትም፤ መዝጋቢውን በድምፁ ነው የለዩት።

«ስምዎ የለም። እውነት ተመዝግበው ነበር፣ እማማ?»

ከኋላቸው የተሰለፈ ሰው «አርጅተዋል፤ ይረሳሉ» ሲል ሰሙ። እሳቸውም ራሳቸውን ተጠራጠሩ። እኔን የሚያንገበግበኝ ይህ ነው! ሲስተም የለም ቢባሉ ከሰው ጋር ይጮሁ ነበር። ሲስተም አለ ተባሉ፤ በማን ላይ ይጩሁ?

ለሦስተኛ ጊዜ ተመዘገቡ። ሰርቨርም ለሦስተኛ ጊዜ ወደቀ።

«ወንድሜ፣ ተወኝ» አለ ሰርቨር። «መዳፌ ላይ ስም ነበር። የማን ነበር?»

«ምን ቸገረህ? ሌላ ይመጣልሃል። ተነሥ!»

ተነሣ። ብዙም ሳይቆይ የማራገቢያዋ ክንፍ ተሰበረ። ሰርቨር ወደቀ፤ ጨሰም። «ተነሥ!» አለ ቀስቃሽ። «ተነሥ! ተነሥ!» ሺህ ጊዜ አለ። የሚነሣ የለም።

ሰው ጮኸ። ምንዳዬ መጣ። ሣጥኑን ከፈተ፤ ጎጆውን በሁለት ጣቱ ጎትቶ አወጣ፤ አዲስ ማራገቢያ ገጠመ። ሥራው ሁሉ የታዘዘ ሻይ እስኪመጣ እንኳን አልፈጀም። አይጥ ልጆቿን በአፏ እያመላለሰች ወደ ጎረቤት ኮምፒውተር ሣጥን ተሻገረች።

እማማ ብርነሽ ለአራተኛ ጊዜ የመጡት በሴት ልጃቸው እጅ ተመርተው ነው። ስማቸው መዝገብ ላይ ሰፈረ። በሳምንቱ ተደወለ። የሆስፒታሉ ሐኪም ዓይናቸውን በመብራት አየ፤ ደግሞ አየ፤ መብራቱን አጠፋ።

«ምነው ዘገዩ፣ እማማ? ከሦስት ወር በፊት ቢመጡ ኖሮ እኮ…»

«መጥቼ ነበር» አሉ። ከዚያ የልጃቸውን እጅ ፈልገው ያዙና ቀስ ብለው ጠየቋት። «መጥቼ ነበር፣ አይደል ልጄ?»

ልጅቱ ያኔ አብራቸው አልነበረችም።

ወረቀቷ ዛሬም በሩ ላይ ናት፤ ሥራ ቆሞ አያውቅም ትላለች። ቀስቃሽም ከሥሯ ሆኖ የሚወድቅ ይጠብቃል።

ተረቴ ወጣች፤ በሩን ዝጉ። ዳቦውንም ለራሳችሁ አድርጉት፤ የዛሬውን አፍ ዳቦ አያብሰውም። ይህችን ብቻ ያዙልኝ፦ ምን ጣለህ ሳይል የሚያነሣ፣ ከጣለው እኩል ጣለ።