መሃል ለመሃል የተቆፈረው ቦይ

አንድ ጭቃ ሹም ነበር። ሹመቱን ፈልጎ አልያዘውም። መንደሩ ዳገት ላይ የተቀመጠ ሲሆን ከላይ ያሉት ላይ ቤት፣ ከታች ያሉት ታች ቤት ይባላሉ። ላይ ቤቶች ከታች ቤት የተሾመ አይገዛንም አሉ። ታች ቤቶችም ከላይ ቤት የተሾመ ከሚገዛን መሬት ተከፍታ ትዋጠን አሉ። የሰውየው ቤትና እርሻ ከሁለቱ መሃል ነበርና፣ "እንግዲያው ባይለየኝ ይሁን" ተባለ። ባይለየኝ ስሙ ነው።

የሁለቱ መንደር ጠብ የውሃ ነበር። የመስኖ ውሃ ቢሆን መልካም ነው፤ እሱን ሁሉም ይፈልገዋል። ይህ ግን ማንም የማይፈልገው ውሃ ነው፤ የክረምት ጎርፍ። ከላይ ቤት እርሻ የሚወርደው ጎርፍ መውጫ ያስፈልገዋል። በምዕራብ ከለቀቁት ታች ቤት ጓሮ ይገባል፤ ግድግዳ ይንዳል፣ ጎተራ ያበሰብሳል። በምሥራቅ በኩል ዳገቱን አግድም እየቆረጠ ቀስ ብሎ የሚወርድ ቦይ ቢቆፈርለት፣ ድንጋያማው ወንዝ ውስጥ ይገባል፤ ማንንም አይነካም። ነገር ግን ያ ቦይ የሚያልፈው በላይ ቤቶች የገብስ መሬት ላይ ነው። እንደዚያ ያለ የገብስ መሬት በአገሩ የለም።

ስለዚህ ላይ ቤት "በምዕራብ ይሂድ" ይላል። ታች ቤት "በምሥራቅ ይሂድ" ይላል። ጎርፉ በየዓመቱ ይመጣል።

ባይለየኝ በተሾመ ዓመት፣ ግንቦት ላይ፣ ሁለቱንም ወገን ሰበሰበ። ለላይ ቤት የሚናገረው አያ ሽባባው ነበር። ለታች ቤት አያ ዳኘው።

"ጎርፋችሁ ቤታችንን ጨረሰው" አለ አያ ዳኘው።

"ጎርፋችሁ? ዝናቡን እኛ ጠራነው እንዴ? ክስ ካለህ ለላይኛው አቅርብ።"

"ላይኛውማ ዝናብ ነው የሰጠ። ወደ ጓሮዬ ቦይ የቀደድከው አንተ ነህ።"

"አያትህ ዳገት መውጣት ሰንፈው ታች ቢቀሩ የኔ ጥፋት ነው?"

ላይ ቤቶች ሳቁ። ከታች ቤት በኩል ዱላ ተነሣ። ባይለየኝ መሃል ገባ። "እናንተ ምዕራብ አላችሁ። እናንተ ምሥራቅ አላችሁ። መሃል ለመሃል እንቆፍረው። በእኔ እርሻ ጥግ ይውረድ፤ እኔ ፈቅጃለሁ" አለ።

ሰው እርስ በርሱ ተያየ። ማንም አልተሸነፈም። ሽማግሌዎቹ ቆመው መረቁት። "አስታራቂ ሹም ሰጠን" አሉ። በማግሥቱ ሁለቱ መንደር ደቦ ወጥቶ አብሮ ቆፈረ። ብዙ ዓመት ሳይነጋገሩ የኖሩ ሰዎች አንድ ዶማ ተቀባበሉ። ቦዩ ከላይ እስከ ታች እንደ ተወጠረ ገመድ ቀጥ አለ። ዳገቱን የጠየቀው ግን አልነበረም።

ቁልቁለት ላይ ቀጥ ብሎ የሚወርድ ውሃ መሬት ይቆርጣል። ሰኔ ላይ ቦዩ ጉልበት ያህል ነበር። ነሐሴ ላይ ሰው ገብቶበት አይታይም። መስከረም ሲጠባ ቦረቦር ሆኖ የባይለየኝን የጤፍ እርሻ ግማሹን በልቶ ነበር። ቦረቦር ደግሞ ወደ ላይም ይበላል፤ አናቱ ገብሱ ውስጥ ገባ። ከታች ያራገፈው ደለል የታች ቤቶችን ባቄላ ቀበረው።

ሚስቱ ይታይሽ ገደሉ አፍ ላይ ቆማ አየችው።

"አንቱ፣ ሁለቱን መንደር አስደሰቱ። እኛን ማን ያስደስተን?"

"ሰላም ወርዷል።"

"ወርዷል እንጂ። ከአፈራችን ጋር ነው የወረደ።"

 ባይለየኝ ያን በጋ በልቡ ቆረጠ። መስማማቱ ነው ያጠፋኝ፤ ትክክለኛው ቦታ ምሥራቅ መሆኑን እያወቅሁ ሰው እንዳይቀየመኝ ብዬ መሃል አልሁ፤ ሹም መጋፈጥ አለበት አለ።

በሁለተኛው ዓመት የታች ቤትን ጎልማሶች አስከትሎ ወደ ገብሱ መሬት ወጣ። ላይ ቤቶች መጥተው ፊቱ ቆሙ።

"ይህ ቦይ ዛሬ ይቆፈራል" አለ ባይለየኝ። "መንገድ ላይ የሚቆም ካለ ዶማ ዘመድ አያውቅም።"

ታች ቤቶች እየፎከሩ ቆፈሩ። ላይ ቤቶች ቁጥራቸው አነሰና ዳር ላይ ቆመው አዩ። አያ ሽባባው ብቻ ተናገረ። "ቆፍሩ። በርቱ። ስትጨርሱ ግን የምትገቡት ቤታችሁ ነው። ቦዩ የሚያድረው ከእኛ ጋር ነው።"

ያን ቀን ቃሉን የቁጭት ነው ብለው ሳቁበት። ሐምሌ ሲገባ ገባቸው። አግድም የሚሄድ ቦይ ደለል ይይዛል። ከባድ ዝናብ በጣለ ቁጥር ካልተጠረገ ይሞላል። አጠገቡ ያሉት ላይ ቤቶች እጃቸውን አጣጥፈው ተቀመጡ። ታች ቤቶች ደግሞ በዚያ ጭቃ በየጊዜው ዳገት መውጣት አልቻሉም፤ የራሳቸው አረም አለባቸው። ቦዩ ሞላ፤ ውሃው ጥሶ ወደ አሮጌው ቦረቦር ተመለሰ። የቦረቦሩ ጎን እየተናደ የባይለየኝን አጥር ወሰደ፤ ከቤቱ ምሰሶ ፊት ለፊት ቆመ። አንድ ክረምት ከደገመ ቤቱ ይገባል።

አሁን ሰውየው ግራ ገባው። በስምምነት ሠራ፤ ፈረሰ። በጉልበት ሠራ፤ ፈረሰ። ሽማግሌ ቢጠይቅ "ድር ቢያብር አንበሳ ያስር፤ ታረቅ" አለው። ወታደር የነበረ ጎረቤቱን ቢጠይቅ "ገና አልፈሩህም፤ ጨክን" አለው። ሁለቱም እውነት መሰለው። ላይ ቤቶች የታች ቤት ሰው ነው ይሉታል። ታች ቤቶች እንደገና ሊታረቅ ነው፣ ሊሸጠን ነው ይላሉ። እሱ የሚያስበው ቤቱን ነው፤ ማታ ማታ ልጆቹ የሚተኙበትን ቁርበት ወደ ሌላው ግድግዳ አዛወረው።

በበጋው ከይታይሽ ጋር ቦረቦሩን ዳር ዳሩን እየረገጡ ሄዱ።

"ዘንድሮስ ከማን ጋር ነዎት?" አለችው።

"እኔንጃ።"

"ውሃውስ ከማን ጋር ነው?"

"ውሃማ ከቁልቁለቱ ጋር ነው። ማንን ይሰማል?" ጥቂት ሄደና ቆመ። "ግን ይህን ማወቄ ምን ይረባል? ቁልቁለቱ ዶማ ይዞ አይጠርግልኝ።"

"ታዲያ የሚጠርገውን ሰው ይለምኑዋ።"

"ለምኜ ነው እኮ መሃል የቆፈርሁት!"

"ያኔ የለመኑት የውሃውን መንገድ ነው። እሱ የነሱ አልነበረም፤ የነሱስ ጉልበታቸው ነው።"

ባይለየኝ ገባው ለማለት ይከብዳል።

ሚያዝያ ላይ ሁለቱንም መንደር ቦረቦሩ አፍ ላይ ሰበሰበ። ሲናገር ድምፁ እርግጠኛ አልነበረም፤ ቃሉ ግን እርግጠኛ ነበር።

"ቦዩ በምሥራቅ ይሄዳል። በዚህ ላይ ማንንም አልጠይቅም፣ ማንንም አልሸነግልም። የማይወድ ይክሰሰኝ።"

ላይ ቤቶች ጮኹ። ታች ቤቶች እልል አሉ። ወደ እልልታው ዞረ።

"ቦዩ የሚበላውን መሬት ያህል ታች ቤት ከጥቁር አፈር መሬቱ ለላይ ቤት ይሰጣል።"

እልልታው ተቆረጠ። "የኛን መሬት?" አለ አያ ዳኘው። "አምና ከኛ ጋር አልነበርክም?"

"አምና ከእናንተ ጋር ነበርሁ። ካቻምና ከሁላችሁም ጋር ነበርሁ። ይኸው ገደሉ ደጄ ላይ ነው።"

አያ ሽባባው ጢሙን እየነካ ጠየቀ። "የሚሰጠንን መሬት ማን ይመርጣል?"

"አንቱ ይምረጡ።"

"እሱማ ማሳዬን ነው የሚመርጥ!" አለ አያ ዳኘው።

"ካወቅህልኝ ምን አደከመኝ" አለ አያ ሽባባው።

"ቦዩን ማን ይጠርጋል?" አለ ሌላው።

"እሱን እናንተ ተስማሙ" አለ ባይለየኝ። "በዚህ አልገባበትም። ሳትስማሙ ግን ከዚህ የሚነሣ የለም።" ሄዶም ድንጋይ ላይ ተቀመጠ።

ተሰዳደቡ፤ የሞተ አያት ሁሉ ተነሣ። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ የመጥረግ ተራ አወጡ። ከባድ ዝናብ ከጣለ ታች ቤት ሰው ይልካል፤ ላይ ቤት ቆሎና ጠላ ያቀርባል ተባለ።

"ጠላውን ጠጥተው ቦዩ ውስጥ ቢተኙስ?" አለ አያ ሽባባው።

"ያንተን ቤት ጠላ? እሱን የጠጣ አይተኛም፤ ጓሮ ለጓሮ ሲሮጥ ነው የሚያድር" አለ አያ ዳኘው።

ከላይ ቤቶች በኩልም ሳቅ ተሰማ። ሁሉም ግን አልሳቀም። አንድ የላይ ቤት ገበሬ ከነቂሙ ሄደ፤ ሰኔ ላይ ቦዩ ውስጥ አጥር ተከለ። ባይለየኝ አላግባባውም፤ ሰው ይዞ ሄዶ ነቀለው።

ክረምቱ መጣ። ውሃው አንድ ጊዜ ቦዩን ጥሶ ነበር። ዝናቡ ሳያባራ ከላይም ከታችም ሰው ወጥቶ፣ እየተዘላለፈ፣ የተጣሰውን ደፈነ። ከዚያ በኋላ ውሃው ወንዝ ገባ። ቦረቦሩ ከባይለየኝ ደጅ አልፎ አልሄደም። የበላውን እርሻ ግን አልመለሰም፤ ጤፍ ይበቅልበት የነበረው ዛሬም ገደል ነው። ቤቱ ቆመ።

መስከረም ላይ ላይ ቤትና ታች ቤት ያለ አስታራቂ በአንድ ነገር ተስማሙ፤ ሹሙን ሻሩት። ላይ ቤት ቦዩን ስለጫነበት፣ ታች ቤት መሬቱን ስላስሰጠው። የተሻረ ዕለት አያ ሽባባውም አያ ዳኘውም እሱ ቤት መጥተው ጠላ ጠጡ። 

ዛሬ ላይ ቤቶች "መንደሩን ያዳነው ድርድር ነው፤ መሬት ተክሶ ተራ ወጥቶ ነው" ይላሉ። ታች ቤቶች "ያዳነው መጋፈጥ ነው፤ ሹሙ ፊት ለፊት ባይናገር ኖሮ ዛሬም ጎርፍ ይገባብን ነበር" ይላሉ። ባይለየኝን ሲጠይቁት "ሁለቱንም ለየብቻ አድርጌው ነበር፤ ሁለቱም አፈረሱኝ። በየትኛው እንደዳንሁ እኔንጃ" ብሎ ወደ ሥራው ይሄዳል።

ከዚህ የምንማረው ይህ ነው። መሪ ከተቃዋሚው ጋር ይስማማ ወይስ ይጋፈጠው ብሎ መጠየቅ አይበቃም። አስቀድሞ የተጣሉበትን ነገር ይመልከት። ሁለት ወገን ስለፈለገው ዳገት አይለሳለስም፤ እዚያ ላይ ሰው ላለማስቀየም መሃል የሚቆፍር መሪ የሁሉንም እርሻ ያስበላል። ሰው ደግሞ ተገፍቶ ቦይ አይጠርግም፤ ተቃዋሚውን አሸንፎ የሚገባ መሪ ሥራውን ከተሸነፈው ጋር አሳድሮ እንደሄደ ይወቅ። በእውነቱ ይጽና፤ በዋጋው ይስማማ፤ ዋጋውንም ከወዳጆቹ ሳይቀር ያስከፍል። ለዚህም ምስጋና አይጠብቅ።

ግን አንድ ነገር ይቀራል፤ እሱን እኔም አልፈታሁትም። ላይ ቤቶች "ውሃው ወትሮም በምዕራብ ነው የሚሄደው፤ ተፈጥሮው ነው" ይሉ ነበር። ሰው ሁሉ የራሱን ፍላጎት ቁልቁለት ነው ይላል። አንተ ሹም ብትሆን፣ አንቺም ብትሆኚ፣ የቱ ቁልቁለት፣ የቱ የራስ ገብስ እንደሆነ ገደሉ ደጃፍ ሳይደርስ በምን ትለዩታላችሁ?